ሞኒካ አቦት፦ ከቴነሲ ዩኒቨርሲቲ እስከ ጃፓን ሊግ (ስለ ሶፍትቦል ፒቸሯ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች)

ልጄ ሶፍትቦል መወርወር ከጀመረች አራት ዓመት ሆናት። ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ግቢም ሆነ ልደት ላይ የማገኛቸው ሐበሻ ወላጆች የሚጠይቁኝ ነገር ተመሳሳይ ነው። ጨዋታው ምንድን ነው? የኮሌጅ ስኮላርሺፕ ያስገኛል? ከኮሌጅ በኋላስ እንጀራ ይሆናል? ስመልስ ዞሬ ዞሬ የማነሳት አንዲት ሴት ናት፤ ሞኒካ አቦት። የኮሌጅ ዘመኗም ሆነ የፕሮፌሽናል ሕይወቷ እነዚህን ጥያቄዎች በሙሉ ይነካል። ስለዚህ መልሶቼን እዚህ ሰብሰብ አድርጌ ጽፌያቸዋለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ሶፍትቦል የሴቶች ቤዝቦል ማለት ነው?

የቅርብ ዘመዱ ነው እንጂ እሱ ራሱ አይደለም። ሜዳው ያንሳል፣ ኳሷ ትተልቃለች። ቤዝቦል 9 ኢኒንግ ነው፣ ሶፍትቦል 7፤ ኢኒንግ ማለት ሁለቱም ቡድኖች በየተራ አንዴ የሚመቱበት ዙር ነው። ትልቁ ልዩነት ግን አወራወሩ ላይ ነው። የቤዝቦል ፒቸር፣ ማለትም ኳስ ወርዋሪው፣ ክንዱን ከትከሻው በላይ አንስቶ ይወረውራል። የሶፍትቦሏ የምትወረውረው ከታች ነው። ክንዷ ሙሉ ክብ ይዞርና ኳሷን ዳሌዋ አጠገብ ስትደርስ ትለቃታለች።

ገጠር ያደገ ሰው ወንጭፍን ያስታውስ። ማሽላ የሚጠብቅ ልጅ ወንጭፉን ያዞረዋል፣ ከዚያ ድንጋዩ ተስፈንጥሮ የሚወጣባት አንዲት ቅጽበት አለች። ይህም እንደዚያው ነው። ልዩነቱ እዚህ ገመዱ የገዛ ክንዷ መሆኑ ነው።

ደግሞ «ሶፍት» የሚለው ስም እንዳያታልላችሁ። ኳሷ ቢጫ ናት፣ ቀይ ስፌት አላት፣ ዙሪያዋ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ለስላሳ ግን አይደለችም። እኔ ወፍራም ጓንት አድርጌ የልጄን ኳስ ስቀበል መዳፌ ቀልቶ ነው የምገባው። ልጄ ገና 13 ዓመቷ ነው።

ሰው ሁሉ ስለ ፒቸር ብቻ የሚያወራው ለምንድን ነው?

በእግር ኳስ ጎበዝ አጥቂ ኳስ ካልደረሰው ጨዋታው እንዲሁ ሊያልፈው ይችላል። በሶፍትቦል ግን እያንዳንዱ ኳስ የሚነሳው ከፒቸሯ እጅ ነው። እሷ ካልወረወረች ምንም ነገር አይጀመርም።

ርቀቱ ደግሞ ቅርብ ነው። በኮሌጅ ፒቸሯ የምትቆመው ከመቺዋ 43 ጫማ ላይ ነው፤ 13 ሜትር ማለት ነው። አቦት በሙሉ ኃይሏ ስትወረውር ኳሷ መቺዋ ጋ ለመድረስ ግማሽ ሰከንድ አይፈጅባትም፤ 0.4 ሰከንድ እንኳ አይሞላም። በዚያች ጊዜ ውስጥ መቺዋ ኳሷን ማየት፣ መወሰን፣ ዱላውን ማንቀሳቀስ አለባት።

ሌላም ነገር አለ። የቤዝቦል ፒቸር አንድ ቀን ከወረወረ በኋላ ለቀናት ያርፋል። በኮሌጅ ሶፍትቦል ግን ጎበዝ ፒቸር ዛሬም ነገም ትወረውራለች። አንዳንዴ በአንድ ቀን ሁለት ጨዋታ ትወረውራለች። ስንት ኳስ ብቻ ትወርውር የሚል ገደብ የለም። ስለዚህ አንዲት ሴት አንድ ዩኒቨርሲቲን በትከሻዋ ተሸክማ ፍጻሜ ልታደርስ ትችላለች። የአቦት ታሪክ የሚጀምረውም ከዚህ ነው።

ወደ ቁጥሮቹ ከመግባታችን በፊት ሦስት ቃላት እንያዝ። ስትራይክአውት ማለት መቺዋ ሦስት ስትራይክ (የሳተቻት ወይም መምታት ሲገባት ያሳለፈቻት ኳስ) ተቆጥሮባት፣ ቤዝ (ነጥብ ለማግባት በተራ የሚረገጠው ማረፊያ) ሳትረግጥ ስትወጣ ነው። ሻትአውት ማለት ተጋጣሚው አንድም ነጥብ ሳያገባ ሲሸነፍ ነው። ፐርፌክት ጌም ደግሞ ከተጋጣሚው አንድም ተጫዋች አንደኛዋን ቤዝ እንኳ ሳትረግጥ ጨዋታው ሲያልቅ ነው።

ሞኒካ አቦት ማን ናት?

በሐምሌ 1985 ሳንታ ክሩዝ ካሊፎርኒያ ተወለደች። ያደገችው ሳሊናስ በምትባል፣ ሰላጣና አትክልት በብዛት በሚመረትባት የእርሻ ከተማ ነው። ግራኝ ናት። ቁመቷ 1.91 ሜትር ነው። ግራኝነቷና ርዝመቷ ሲደመሩ ችግር ይፈጥራሉ፤ ለመቺዎች ማለቴ ነው። ረጅም እግሯን ዘርግታ ስትራመድ ኳሷን የምትለቀው ከሌላው ሰው ቀርባ ነው። 13 ሜትሩ በተግባር ያጥራል።

ፈጣን ኳሷና ወደ ላይ የምትነሳ የምትመስለው ራይዝቦሏ በጣም ይታወቃሉ። እሷን ስትጠብቂ ደግሞ ቼንጅአፕ ትለቅብሻለች። ክንዷ በዚያው ፍጥነት ይዞራል፣ ኳሷ ግን ዘግይታ ትመጣለች። ዱላው ቀድሞ ያልፋል።

ኮሌጅ ላይ በትክክል ምን ሠራች?

ከ2004 እስከ 2007 ኖክስቪል ከተማ በሚገኘው የቴነሲ ዩኒቨርሲቲ ተጫወተች። አሠልጣኞቿ ባልና ሚስት ነበሩ፤ ራልፍ ዊክሊ እና ካረን ዊክሊ። ቡድኑን አብረው ነበር የሚመሩት።

እዚህ ላይ ዘለግ አድርጌ ብጽፍ አይፈረድብኝም፤ ቁጥሮቹ ያስገድዳሉ። በመጀመሪያ ዓመቷ 45 ጨዋታ አሸነፈች። በሁለተኛው 50፣ በሦስተኛው 44፣ በመጨረሻው 50። ድምሩ 189 ነው። በስትራይክአውት ደግሞ 582፣ 603፣ 531፣ ከዚያ 724። ድምሩ 2,440። የድሉም የስትራይክአውቱም ድምር የአሜሪካ ኮሌጅ ስፖርት የበላይ አካል በሆነው በኤንሲኤኤ አንደኛ ዲቪዚዮን ሪከርድ ነው። በአንድ የውድድር ዓመት 724 ማስመዝገቧም እንዲሁ።

እኔን ከሁሉም በላይ የሚገርመኝ ግን ድምሩ አይደለም። አራቱን ዓመታት ተመልከቷቸው። አንዱም ከ500 አይወርድም። ኮሌጅ ገብቶ የመጀመሪያውን ዓመት ማብራት ለብዙ ሰው ይሆንለታል። ከዚያ ሌሎች አሠልጣኞች ቪዲዮሽን እየደጋገሙ ያዩሻል፣ ድክመትሽን ይፈልጋሉ፣ መቺዎችም ይለምዱሻል። እሷን ግን አራት ዓመት ሙሉ ማንም አልለመዳትም። አራተኛው ዓመቷ ከሁሉም የበለጠው ነበር።

112 ሻትአውት አላት። በአራት ዓመት 1,448 ኢኒንግ ወረወረች። በየሰባቱ ኢኒንግ የሚቆጠርባት ነጥብ በአማካይ ከአንድ በታች ነበር፤ 0.79። ይህን በቀላሉ ለመናገር፣ ቴነሲ አንድ ነጥብ ካገባ አብዛኛውን ጊዜ በቂ ነበር ማለት ነው።

ቴነሲ ከእሷ በፊት የኮሌጁ የዓለም ዋንጫ የሚባለው የኦክላሆማ ሲቲው ውድድር ላይ ደርሶ አያውቅም ነበር። ስምንት ቡድን ብቻ ነው እዚያ የሚደርሰው። እሷ እያለች በ2005፣ በ2006 እና በ2007 በተከታታይ ደረሰ። በ2007 የዓመቱ ምርጥ የኮሌጅ ሶፍትቦል ተጫዋች ተብላም ተሸለመች።

ታዲያ የኮሌጅ ሻምፒዮን ሆናለች?

አልሆነችም። ይህን ስናገር አሁንም ይቆጨኛል።

በ2007 ቴነሲ ከአሪዞና ጋር ለፍጻሜ ደረሰ። ፍጻሜው ከሦስት ሁለቱን ያሸነፈ ዋንጫ የሚወስድበት ነው። የመጀመሪያውን ቴነሲ 3 ለ 0 አሸነፈ። አንድ ድል ብቻ ቀረ። በሁለተኛው ጨዋታ አቦትና የአሪዞናዋ ታሪን ማዋት ተፋጠጡ። ሰባት ኢኒንግ አለቀ፣ 0 ለ 0። ስምንተኛው፣ ዘጠነኛው፣ አሁንም 0 ለ 0። በአሥረኛው አሪዞና አንዲት ነጥብ አገባና 1 ለ 0 አሸነፈ። በማግስቱ ሦስተኛውን 5 ለ 0 ወሰደ።

ማዋት በዚያ ውድድር ብቻዋን 60 ኢኒንግ ወርውራለች፤ ከ1,000 በላይ ኳስ።  አቦት በማንም አልተበለጠችም ብዬ አልከራከርም። በዚያች ሳምንት ከፊቷ የቆመችውም ሴት ከብረት የተሠራች ነበረች።

ወላጆች «ዋንጫ ካልበላች እንዴት ታላቅ ትባላለች?» ይሉኛል። እስቲ አሥር ኢኒንግ ወርውራ አንድ ነጥብ ብቻ የገባባትን ሴት ተሸናፊ ለማለት ሞክሩ። እኔ አፌ አይደፍርም።

ፈጣኗን ኳስ የወረወረችው እሷ ናት የሚባለው እውነት ነው?

ለረጅም ጊዜ እውነት ነበር። በሰኔ 2012 ኪሲሚ ፍሎሪዳ ላይ በሰዓት 77 ማይል ወረወረች፤ 124 ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። በጊነስ መዝገብም ሰፍሮላታል።

ይህ ሪከርድ 13 ዓመት ሊሞላው ሲል በ2025 ተሰበረ። ደስ የሚለው የሰበረችው ልጅ የመጣችበት ቦታ ነው፤ የዚያው የቴነሲ ዩኒቨርሲቲ ፒቸር ካርሊን ፒከንስ። በመጋቢት 78.2 ማይል፣ በግንቦት ደግሞ 79.4 ማይል ወረወረች። ሪከርዱ ከቤት አልወጣም።

ከኮሌጅ በኋላ የት ሄደች?

መጀመሪያ የሄደችው እኛው ሰፈር፣ ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ፣ ነው ማለት ይቻላል። በ2007 ናሽናል ፕሮ ፋስትፒች በሚባለው የአሜሪካ ሊግ ለዋሽንግተን ግሎሪ ፈረመች። ቡድኑ ሜዳው ፌርፋክስ ቨርጂኒያ ነበር። በዚያው ዓመት ሻምፒዮን ሆኑ። ስንቶቻችን በዚያ መንገድ በየቀኑ ታክሲ እየነዳን አልፈን ይሆን? እዚያ ሜዳ ውስጥ ማን እየወረወረች እንደሆነ ግን ማናችንም አላወቅንም።

ከዚያ በኋላ ለቺካጎ ባንዲትስ ብዙ ዓመት ተጫወተች። ይሁንና የአሜሪካው ሊግ የሚቆየው በጋውን ብቻ ነበር። ደሞዙም ትንሽ ነበር። የአንድ ቡድን ተጫዋቾች ሁሉ በአንድ ላይ የሚከፈላቸው ከ150,000 ዶላር እንዳይበልጥ ገደብ ነበረው። ይህን ለሃያ ሰው አካፍሉት። አብዛኞቹ ተጫዋቾች ሌላ ሥራ ነበራቸው፤ አሠልጣኝነት፣ አስተማሪነት፣ ያገኙትን።

ስለዚህ ከ2009 ጀምሮ ወደ ጃፓን ሄደች።

ለምን ጃፓን?

ምክንያቱም ሶፍትቦል እዚያ ደሞዝ አለው።

የጃፓን ሊግ ቡድኖች የትልልቅ ድርጅቶች ናቸው። ቶዮታ ቡድን አለው፣ ሆንዳ አለው፣ ዴንሶ አለው፣ የኤሌክትሮኒክስ ሱቁ ቢክ ካሜራ አለው። ለአገራችን ሰው ይህን ማስረዳት ቀላል ነው። መብራት ኃይልን አስቡ፤ መከላከያን አስቡ፤ ንግድ ባንክ የሴቶች እግር ኳስ ቡድን እንዳለው አስቡ። ተጫዋቿ የድርጅቱ ሰው ናት፣ ደሞዟም ከድርጅቱ ነው። ብዙዎቹ ጃፓናውያን ተጫዋቾች ከልምምድ ውጭ ባለው ሰዓት በዚያው ድርጅት ቢሮ ይሠራሉ። የሚያጨበጭቡላቸውም የሥራ ባልደረቦቻቸው ናቸው። ከውጭ የሚመጡት ግን ሥራቸው መጫወት ብቻ ነው።

አቦት የተጫወተችው ለቶዮታ ሬድ ቴሪየርስ ነው። ከእሷ ጋር ቡድኑ ደጋግሞ ሻምፒዮን ሆነ። የጃፓን ሊግ በፀደይና በመኸር ይካሄድና በጋ ላይ ያርፋል። የአሜሪካው ደግሞ በጋ ላይ ነበር። ስለዚህ ለዓመታት ኑሮዋ እንዲህ ነበር፤ ፀደይ ጃፓን፣ በጋ አሜሪካ፣ መኸር እንደገና ጃፓን። ሻንጣዋን ፈትታ የምታስቀምጥበት ጊዜ አልነበረም።

አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ አሜሪካዊ ጽሑፍ ስለ እሷ ሲያወራ ጃፓንን በሁለት መስመር ያልፋታል። እኔ ተቃራኒውን ነው የማምነው። እውነተኛው የፕሮፌሽናል ሕይወቷ ያለው እዚያ ነው። በኮሌጅ የሚያጋጥሟት መቺዎች ተማሪዎች ነበሩ፤ ግማሾቹ በየዓመቱ ይቀየራሉ። ጃፓን ውስጥ ግን ያቺው ሴት ዓመት ከዓመት ተመልሳ ትመጣባታለች፤ አጥንታት፣ ማስታወሻ ይዛ። የጃፓን መቺዎች ደግሞ ትዕግሥተኞች ናቸው። ኳስ ሳይመርጡ ዱላ አይሰነዝሩም። እዚያ ከአሥር ዓመት በላይ መቆየት በኃይል ብቻ አይሆንም።

የሚሊዮን ዶላሩ ውልስ?

እውነት ነው፣ ግን በደንብ ማብራራት ያስፈልገዋል።

በ2016 ሂውስተን አካባቢ የነበረው ስክራፕ ያርድ ዶግስ የተባለ ቡድን ለስድስት ዓመት በ1 ሚሊዮን ዶላር አስፈረማት። በአሜሪካ የሶፍትቦል ሊግ እንዲህ ያለ ውል ከዚያ በፊት አልነበረም። ዜናው ሁሉ «የሚሊዮን ዶላር ፒቸር» አላት።

አሁን ቀስ ብለን እናካፍለው። ለስድስት ዓመት ከሆነ በዓመት 167,000 ዶላር አካባቢ ነው። ቅድም ያልኩትን የ150,000 ገደብ አስታውሱ። አንዲት ተጫዋች ብቻዋን ከመላው ቡድን ገደብ ልትበልጥ ነው። እንዴት ተፈቀደ? ከገደቡ በታች የሚቆጠረው መነሻ ደሞዟ ትንሽ ነበር። ቀሪው የመጣው ከተመልካች ቁጥር ጋር በተያያዘ ጉርሻ ነው። ሰው ሜዳ ከገባ ይከፈላታል።

አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ «እንግዲያው የውሸት ሚሊዮን ነው» ይላል። አይደለም። ውሉ ሕጋዊ ነበር፤ ለሌሎቹ ሴቶችም የዋጋ ጣሪያውን ከፍ አደረገ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ2017፣ ቡድኑ የሊጉ ሻምፒዮን ሆነ።

ከዚያ ግን ነገሩ እንደታሰበው አልሄደም። ቡድኑ በ2018 ከሊጉ ወጣ። በ2020 ደግሞ የቡድኑ ኃላፊ ስለ ብሔራዊ መዝሙር በቡድኑ ስም የለጠፈችው መልእክት ተጫዋቾቹን አስቆጣ። ማሊያውን አንለብስም ብለው ሄዱና ዲስ ኢዝ አስ በሚል ስም የራሳቸውን ቡድን አቋቋሙ። ሊጉ ራሱም በ2021 ተዘጋ። በውል ላይ የተጻፈ ስድስት ዓመት ስንት ነገር እንደሚያሳልፍ ተመልከቱ።

በኦሎምፒክስ?

ሁለት ጊዜ ተሳትፋለች፤ ሁለቱንም ብር ይዛ ተመልሳለች። ሁለቱንም ጊዜ ያሸነፈቻቸው ጃፓን ናት።

ቤጂንግ 2008 ላይ ኔዘርላንድስን ስትገጥም ፐርፌክት ጌም ወረወረች። በኦሎምፒክ ሶፍትቦል ታሪክ የመጀመሪያው ነው። ልዩነቱ ሰፍቶ ስለነበር ጨዋታው በአምስት ኢኒንግ፣ 8 ለ 0 አለቀ። ሆኖም ፍጻሜው ላይ ጃፓን አሜሪካን 3 ለ 1 አሸነፈች። የጃፓኗ ፒቸር ዩኪኮ ዌኖ በሁለት ቀን ሦስት ጨዋታ፣ 413 ኳስ ወርውራ ነው ወርቁን የወሰደችው። አሜሪካ ከዚያ ቀን በፊት በኦሎምፒክ 22 ጨዋታ በተከታታይ አሸንፋ ነበር።

ከዚያ ሶፍትቦል ከኦሎምፒክ ተሰረዘ። ውሳኔው ቤጂንግ ከመድረሱ በፊት፣ በ2005፣ ተላልፎ ነበር። አትሌቲክስ ወዳድ የሆንን ሕዝብ ነን፤ ይህን እንረዳዋለን። ጥሩነሽ ዲባባ ብቃቷ ጫፍ ላይ ባለበት ዘመን 10,000 ሜትር ከኦሎምፒክ ቢወጣ ምን እንል ነበር? አቦት ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ከ23 ዓመቷ እስከ 35 ዓመቷ፣ አንድ ፒቸር ኃይልም ብስለትም በሚኖራት ዕድሜ፣ ኦሎምፒክ የሚባል ነገር አልነበራትም።

ጨዋታው ሲመለስ የተመለሰው ቶኪዮ ላይ ነው፤ ለዓመታት ከምትኖርባትና ከምትጫወትባት አገር። አሜሪካ ወደዚያ ያለፈችው በ2018 ቺባ ላይ በዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ ጃፓንን በአሥር ኢኒንግ 7 ለ 6 አሸንፋ ነው። ውድድሩ በኮቪድ ምክንያት በ2021 ተካሄደ። ወንበሮቹ ባዶ ነበሩ። ከ2008ቱ ቡድን የቀሩት ሁለት ብቻ ነበሩ፤ አቦትና ካት ኦስተርማን። ፍጻሜው ላይ ከወዲያ በኩል ማን ቆማለች? ዌኖ፣ በ39 ዓመቷ። ጃፓን 2 ለ 0 አሸነፈች።

ከካት ኦስተርማን ማን ትበልጣለች?

ይህ ጥያቄ ሶፍትቦል ወዳጆችን ያጣላል። ኦስተርማንም ግራኝ ናት፤ ለቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተጫውታለች። በኮሌጅ 2,265 ስትራይክአውት አላት። ብዛቱ ከአቦት ያንሳል፣ የወረወረችው ኢኒንግም ያንሳል። በየሰባቱ ኢኒንግ ብናሰላው ኦስተርማን 14.34፣ አቦት 11.8 ነው። በተጨማሪም ኦስተርማን የአቴንስ 2004 ወርቅ አላት።

ኳሳቸውም ለየቅል ነው። የኦስተርማን ኳስ ትጠመዘዛለች፤ መቺዋ ዱላዋን ስትሰነዝር ኳሷ ሌላ ቦታ ናት። የአቦት በፍጥነቷ ትቀድማለች። ለአንድ ጨዋታ ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ኦስተርማንን እመርጣለሁ። ለአንድ ሙሉ ዓመት፣ ዝናቡንም ሙቀቱንም ይዞ፣ ምረጥ ብትሉኝ አቦትን።

ዛሬ ፒቸር መሆን እንጀራ ይሆናል?

ከአቦት ዘመን ይሻላል። በ2024 ኒጃሪ ካናዲ የተባለች ፒቸር ከስታንፎርድ ወደ ቴክሳስ ቴክ ስትዛወር ለአንድ ዓመት 1,050,024 ዶላር ተፈረመላት። መጨረሻ ላይ ያለችው 24 የማሊያዋ ቁጥር ናት። አቦት በስድስት ዓመት የተስማማችበትን፣ ይህች ልጅ ገና ተማሪ ሆና በአንድ ዓመት። ምክንያቱ ከ2021 ጀምሮ የኮሌጅ ስፖርተኞች በስማቸውና በምስላቸው ገንዘብ እንዲያገኙ መፈቀዱ ነው። አቦት ተማሪ እያለች አንድ ዶላር ብትቀበል ኖሮ ከውድድር ትታገድ ነበር።

ግን ካናዲ አንድ ናት። የእሷን ቁጥር ይዞ ለልጅ ዕቅድ ማውጣት ልክ አይደለም። ለአብዛኛዋ ልጅ ትልቁ ጥቅም የትምህርት ወጪ ነው። እሱም ቢሆን ብዙ ጊዜ ሙሉ አልነበረም። አንድ የአንደኛ ዲቪዚዮን ቡድን ለረጅም ጊዜ 12 ስኮላርሺፕ ብቻ ነበረው፤ ያንን ለሃያ ምናምን ልጅ ይከፋፍለዋል። ከ2025 መኸር ጀምሮ አዲሱን የኤንሲኤኤ የፍርድ ቤት ስምምነት በተቀበሉ ዩኒቨርሲቲዎች እስከ 25 ተጫዋች ድረስ መስጠት ይቻላል። ይቻላል ማለት ግን ይሰጣል ማለት አይደለም፤ ትምህርት ቤቱን አጥብቃችሁ ጠይቁ።

ከኮሌጅ በኋላም በር ተከፍቷል። በ2025 አትሌትስ አንሊሚትድ የተባለ የአሜሪካ ድርጅት አዲስ ሊግ በአራት ቡድን ጀመረ፤ የወንዶቹ የቤዝቦል ሊግም ገንዘብ አፍስሶበታል። ጃፓንም በ2022 ሊጉን በአዲስ መልክ አቋቁሞ 16 ቡድን አለው። ሶፍትቦል በ2028 የሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክም ይመለሳል፤ ጨዋታው የሚካሄደው ግን ኦክላሆማ ሲቲ ነው።

ልጄ ፒቸር መሆን ትፈልጋለች። ከየት ትጀምር?

ከባልዲ። ቀልዴን አይደለም። የፒቸር ወላጅ የሚቀመጠው የተደፋ የፕላስቲክ ባልዲ ላይ ነው፤ ኳስ እየተቀበለ። ጓንት፣ የፊት መከላከያ ለእሷ፣ ሁለት ኳስ። ይኸው ነው። መጀመሪያ ላይ የግል አሠልጣኝ በሰዓት ከመክፈላችሁ በፊት እንደምትወደው እዩ።

ርቀቱን ከዕድሜዋ ጋር አስተካክሉ። እስከ 10 ዓመት 35 ጫማና ትንሿ ኳስ፣ እስከ 12 ዓመት 40 ጫማ፣ ከዚያ በኋላ 43። ሕፃን ልጅ ከ43 ጫማ አታስወርውሩ። ከታች ስለሚወረወር ክንድ አይጎዳም የሚባለውንም አትመኑ። ትከሻ ይጎዳል። ገደብ ካልተደረገ ገደቡን እናንተ አድርጉ፤ አመመኝ ካለች ያን ቀን አበቃ።

ፍጥነትን አትቸኩሉበት። ልጄ መጀመሪያ ዓመት ላይ ኳሷ አንዴ አጥሩን፣ አንዴ የጎረቤት መኪና ጎማ፣ አንዴ ጉልበቴን ትመታ ነበር። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ፣ ከአፓርታማችን ጀርባ ባለው መኪና ማቆሚያ፣ ጓንቴን ኳሷ ወደምትሄድበት እያሯሯጥኩ ስይዝላት ቆም አለች። «ዳዲ፣ እጅህን አታንቀሳቅሰው። እኔ ነኝ እዚያ መምጣት ያለብኝ።» ጓንቴን ጉልበቴ ላይ አሳረፍኩና ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ሦስቱ ሄዱ፤ አንዷ ባልዲውን ነካችው። አምስተኛዋ ጓንቴ ውስጥ ጧ ብላ ገባች። እጄ ንቅንቅ አላለም።